የሀብታም በሽታ

አክስቴ የሰው ስኳር በሽታ ስታስታምም ስምንት ዓመት ኖረች። እናቴ ስትሞት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምንኖረው ብዙ ሰው በሚጋራው ጊቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ የምንተኛውም በአንድ አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን ደግሞ ኋላ ከራሷ አፍ የሰማሁት ነው።

ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ እኔ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው፣ እሷ ወደ አሠሪዎቿ ቤት። ድልድዩ ጋ እስክንለያይ ድረስ ከኋላዋ ዱብ ዱብ እላለሁ እንጂ ጎን ለጎን ሄደን አናውቅም። የጊቢው ሰው «ጥድፊያ» ብሎ ስም ያወጣላት በአረማመዷ ነው። ታክሲ የሚሳፈር ሰው ስታይ «እግሩን ለማን ሊያወርሰው ነው?» ትላለች። እስከ አሠሪዎቿ ቤት ያለው መንገድ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል።

አሠሪዋ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሯ» ይላቸዋል፤ አክስቴ ግን «እማማ» ነው የምትላቸው። አብራቸው የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ባንክ ውስጥ ኃላፊ ነች፤ ጠዋት በመኪናዋ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ልጅየዋና አክስቴ እኩዮች ናቸው፤ ቢበላለጡ በወራት ነው። ቢሆንም አክስቴ «እትዬ» ትላታለች፣ እሷ አክስቴን «አንቺ» ትላታለች። ይኼ ማንንም አስገርሞ አያውቅም፤ እኛንም ጨምሮ።

አክስቴ የተቀጠረችው ለጽዳትና ለምግብ ነበር። ዳይሬክተሯ ስኳሩ ሲጠናባቸው ግን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አስታማሚነት ዞረ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ጣታቸውን ወጋ አድርጋ የደሙን ጠብታ ስትሪፕ በሚሏት ቀጭን ቁራጭ ላይ ታሳርፋለች፤ መለኪያው ላይ የወጣውን ቁጥር በደብተር ትጽፋለች። ከዚያ ኢንሱሊኑን ከማቀዝቀዣ ታወጣለች፤ ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሃል ታንከባልላለች፤ በመርፌው አሥራ ስምንት መስመር ድረስ ትስባለች፤ ሆዳቸው ላይ ትወጋለች። ለእራት ደግሞ አሥር። ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ታጥብና በየጣቱ መሃል በጨርቅ ታደርቃለች፤ ውስጥ እግራቸውንም መስታወት ከስር ይዛ ታያለች።

ሐኪማቸው ቤት ድረስ ሲመጡ ምክሩን የሚሰጡት ለልጅየዋ ሳይሆን ለአክስቴ ነበር፤ ማን አብሯቸው እንደሚውል ያውቃሉ። «ውሃ ውሃ ካላቸው፣ ሽንት ካበዙ፣ ከከሱ፣ ዓይናቸው ብዥ ካለባቸው፣ ከነዚህ አንዱን እንኳ ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውይልኝ» አሏት። «እግራቸውን ደግሞ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። የስኳር ሰው ቁስሉ አያመውም፤ ሳያመው ነው የሚበላው።» አክስቴ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ይኼንን ግን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው።

ከዚያ አራቱንም ምልክት አየች፤ በራሷ ላይ።

መጀመሪያ ውሃ ጥሙ መጣ። ቧንቧው ያለው የጊቢው መሃል ላይ ነው፤ ስትወጣም ስትገባም አንገቷን ጎንበስ አድርጋ በእጇ ትጎነጫለች። ከዚያ ቀሚሷ ሰፋ። ጎረቤታችን፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥበው ሴትዮ፣ ቧንቧው ጋ አየቻትና «አንቺ፣ ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የሸነቀጥሽው? ባል ልታገቢ ነው እንዴ?» አለቻት። ሁሉም ሳቀ፤ አክስቴም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«አክስቴ፣ ታክመሽ ብትመጪስ?» አልኳት ማታ።

«ምኔን? ውሃ መጠጣት በሽታ ከሆነማ ዓሣ ሁሉ ሐኪም ቤት ይሰለፋ!»

«ስኳር ቢሆንስ?»

ይኼኔ ኮስተር አለች። «እሱን እንኳ ተዪው። ስኳር ቤቱን ያውቃል። ቅቤና ሥጋ ያለበት ቤት ነው የሚገባው። እኛ ቤት ምን ሊበላ ይመጣል?»

የጊቢያችን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያምነው፤ ስኳርና ደም ብዛት የሀብታም በሽታ ነው፣ የድሃ በሽታ ሳልና ተቅማጥ ነው። እሷ ግን በአፏ ያለችውን በልቧ አታምነውም ነበር። ጠዋት የምንበላው ደረቅ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ነው፤ ካልጣፈጠ ሆድ አይዝም። እሷ ከዚያ በኋላ እህል የምትቀምሰው የአሠሪዎቿ ማዕድ ተነስቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። ለዳይሬክተሯ አትክልት ቀቅላ፣ ዓሣ ጠብሳ በሰዓቱ ታቀርባለች፤ ለምን በሰዓቱ እንደሆነም ከማንም በላይ ታውቃለች።

ታዲያ ለምን አልታከመችም? ይኼን ጥያቄ ኋላ ብዙ ሰው ጠይቆናል። ጤና ጣቢያው ጋ ሰልፉ የሚያዘው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ከዚያ በላይ ግን ፍርሃት ነበር። ከሷ በፊት እዚያው ቤት ምግብ ታበስል የነበረችው ሴት ማሳል ስትጀምር «ደህና ስትሆኚ ነይ» ተብላ ሄደች። በወሩ ደህና ሆና መጣች። በሩን የከፈተችላት አክስቴ ነበረች፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ቦታዋን ይዛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ ተኝተው ነበር። አክስቴ ድንች ጥዳ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ መለኪያውን ከመሳቢያው አወጣች። ስምንት ዓመት የሰው ጣት ስትወጋ የራሷን ወግታ አታውቅም። ወጋችው። ደሙን በስትሪፑ ነክታ ጠበቀች። መለኪያው አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ወደ ታች ቆጠረና ቆመ። የወጣው ቁጥር አልነበረም። ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ናቸው።

እነዚያን ፊደላት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻቸው። ዳይሬክተሯ በብርቱ ጉንፋን የወደቁ ጊዜ ነው። ስኳሩ ከመለኪያው አቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጅየዋ ከባንክ እየበረረች መጣች፤ ሐኪሙ በስልክ ላይ ቆዩ፤ ለብቻው የሆነ ክፍል ተያዘ፤ ዳይሬክተሯ እዚያ ሦስት ቀን ተኝተው፣ ክንዳቸው ላይ በቱቦ ውሃ ተሰክቶ፣ አክስቴ ወንበር ላይ ሆና ስትጠብቃቸው ነበር።

አሁን ስትሪፑን በወረቀት ጠቅልላ ከድንቹ ልጣጭ ስር ደበቀችው። ጣቷን ጠረገች። መለኪያውን መሳቢያው ውስጥ፣ እንደነበረበት አቅጣጫ መለሰችው።

«በዚያች ሰዓት ምን አሰብሽ?» ብዬ ኋላ ጠይቄያታለሁ።

«ድንቹ እንዳያርብኝ» አለችኝ።

በሳምንቱ ደገመችው፤ ያው ነው። ከሻዩ ውስጥ ስኳሩን አስቀረች፤ ግን ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ጉልበቷ ይከዳት ጀመር። «መንገዱ ረዘመ» ትለኝ ነበር። መንገዱ የት ሄዶ ይረዝማል?

ከዚያ እግሯ መጣ። የምታደርገው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ትንሿን ጣቷን ልጧት ነበር። እኔ ይኼን አላውቅም። እኔ የማውቀው ክፍላችን ውስጥ አንድ ሽታ እንደነበረ ነው። አይጥ የሞተ መስሎኝ አንድ እሑድ አልጋውን አነሳሁ፣ ሳጥኑን ገፋሁ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። «እርጥብ ጨርቅ ነው ባክሽ» አለች። ሽታው አልሄደም። ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ካልሲ ደርባበት ነበር። «ቢያመኝማ ኖሮ ደስ ባለኝ» አለችኝ ኋላ። «ሳያመኝ ሲቀር ነው ሐኪሙ ያሉት ትዝ ያለኝ።» በየቀኑ የሌላ ሴት እግር በመስታወት እያየች፣ የራሷን ላለማየት ቶሎ ትጠቀልለው ነበር።

ዓይኗ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። መጀመሪያ የሩቁ ነገር ደበዘዘባት፤ ከዚያ የቅርቡ። እንግዲህ መርፌው ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ጸጉር የቀጠኑ ናቸው። መስኮት ስር እየሄደች፣ ብርሃን ላይ ከፍ እያደረገች ትለካለች። ይኼ ከራሷ ሕመም የባሰ አስፈራት። አንድ ሁለት መስመር ቢሳሳት ምንም አይደል፤ አሥር ቢሳሳትስ? ትርፍ ኢንሱሊን ሰውን እንደ ሻማ እፍ ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፤ ይኼንንም ያስተማሯት ሐኪሙ ናቸው።

ሐሙስ ቀን ነበር። ልጅየዋ ወደ ሥራ ሄዳለች። ዳይሬክተሯ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፤ እንቁላሉና አትክልቱ ቀርቧል። አክስቴ ብልቃጡን በመዳፎቿ አንከባለለች፣ ወጋች፣ ሳበች፤ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጥቋቁሮቹ መስመሮች አንድ ላይ ገጥመው አንድ ግራጫ ነገር ሆነዋል። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ያው ነው። አሥራ ስምንት ይሁን ሃያ ስምንት አታውቅም። መድኃኒቱን ወደ ብልቃጡ መልሳ እንደገና ሳበች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው? ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ» አሉ ዳይሬክተሯ።

«መጣሁ እማማ።»

መጣች። ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸውን አቀረቡላት፤ እንደ ሁልጊዜው ሌላ ወገን እያዩ። መርፌውን አስጠጋች። ቆዳው ሊነካ አንድ ጣት ሲቀር እጇ ቆመ።

«እማማ፣ አልወጋዎትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መስመሩ አይታየኝም።»

«መነጽሬን አድርጊና እዪ።»

አደረገችው፤ ጭራሽ ባሰ። መርፌውን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችና ቆመች። ዳይሬክተሯ የልጅ ውሸት ሲሰሙ ነው የኖሩት፤ ሰው ፊት ላይ ያለውን ለማንበብ መነጽር አያስፈልጋቸውም።

«ወደ ብርሃኑ ቅረቢ። ስንት ጊዜሽ ነው?»

የመርፌውን ክዳን መለሰችበት።

«ስንት ጊዜሽ ነው ነው የምልሽ!»

«ስድስት ወር ይሆነኛል፣ እማማ» አለች። ከዚያ ስትሪፖቹንም፣ ውሃ ጥሙንም፣ እግሯንም ነገረቻቸው። አንድ ጊዜ አፏ ከተከፈተ በኋላ መዝጋት አቃታት።

ዳይሬክተሯ መለኪያውን ወደሳቸው ሳቡ። «እጅሽን አምጪ።» ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው ወጓት። ሁለቱም መለኪያው ላይ አቀረቀሩ። እነዚያው ሁለት ፊደላት። አሮጊቷ መለኪያውን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ «ስልኩን ስጪኝ» አሉ።

ልጅየዋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። መጀመሪያ እናቷን ለክታ ወጋች፤ በዚህ እንኳ ትክክል ነበረች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች።

«በዚህ ዓይንሽ ስንት ቀን ነው እናቴን የወጋሽው?»

«ዛሬ ነው እምቢ ያለኝ፣ እትዬ። እስከ ትናንት በመስኮት ብርሃን አየው ነበር።»

«ብትገድያትስ ኖሮ? ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ስትሪፕ ጎደለ ስል መሬት መሬት ታያለሽ! ለምን አልተናገርሽም?»

አክስቴ «ብናገር ምን ያደርጉኝ ነበር?» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። እስከ ትናንት ማየቷ እውነት ይሁን አይሁን እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

«ነገሩን ኋላ ታወሩታላችሁ» አሉ እናትየዋ። «ወደ ሐኪሜ ውሰጃት።»

«እማዬ፣ እሷን እዚያ ማን ይቀበላታል? ጤና ጣቢያ አደርሳታለሁ።»

አክስቴ መኪናው ውስጥ ስትገባ ልጅየዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ከቤት ጋዜጣ አምጥታ አክስቴ እግር ስር አነጠፈች። አክስቴ ከዚያን ቀን ነገር ሁሉ የማትረሳው ያንን ነው። ጣቷን መቁረጣቸውን እየሳቀች ታወራለች፤ ጋዜጣውን ስታወራ ድምፅዋ ይቀንሳል።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጅየዋ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ነገ አትምጪ፤ ዕረፊ» አለቻት። አክስቴ ያን ቋንቋ ታውቀዋለች።

ካርድ አውጥታ ተራዋን ያዘች። ከፊቷ ሠላሳ ሰው ይኖራል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆና ራሷ እየወደቀባት፣ አፏ እንደ ጨርቅ ደርቆ፣ ሰዓቱ ነጎደ። ያዳናት ያቺ ልብስ አጣቢ ጎረቤታችን ናት፤ ልጇን ልታስከትብ መጥታ አየቻት። «ኧረ ይቺ ሴትዮ እየሞተች ነው!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ወጣች፣ ለካች፣ እግሯን ፈታ አየች፣ ወረቀት ጻፈችና ወደ ሆስፒታል ላከቻት። አጣቢዋ ልጇን እንዳዘለች ወደኔ ፋብሪካ ሮጠች።

ዘበኛው ለተቆጣጣሪው፣ ተቆጣጣሪው ለኔ ነገረኝ። እሱም የነገረኝ ማሽኔ ላይ እያቀረቀረ፣ የተቆለለውን እጅጌ እያየ ነው።

«አክስትሽ ታመዋል አሉ።»

«ልሂድ?»

«ሞተዋል?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው እስከ መውጫ ሰዓት ይቆያሉ።»

መቀሱን አነሳሁ። ሴቶቹ ሁሉ ስፌት አቆሙ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላወቁም፤ እኔም አላውቅም። ክሩን ቆርጬ፣ መቀሱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ጎማው አንድ ወገን በተበላ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ነው ያገኘኋት። ክንዷ ላይ ውሃ ተሰክቷል። እግሯ ተገልጧል። ያን ጊዜ ነው ሽታው ከየት እንደነበረ የገባኝ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ከጎኗ ያለችውም ጫፏ ሰማያዊ ሆኗል። ወለሉን በበረኪና ያጠብኩበት እሑድ ትዝ አለኝና ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ። «ከወር በፊት ብትመጪ ይኼ በማጠብና በመድኃኒት የሚድን ቁስል ነበር» አለቻት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ከዚያ ወረቀቷን እያየች ጠየቀች።

«ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት አለ?»

«የለም» አለች አክስቴ። «እኛ ድሆች ነን።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «ውሃ ውሃ እያለው፣ እየከሳ የሞተ ሰውስ?»

አክስቴ ወደኔ ዞረች። የምታየኝ አይመስለኝም፤ ብዥታው ነው፤ ግን ወደኔ ነው የዞረችው። እናቴ ስትታመም እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ሆና በጣሳ ውሃ አመላልስላት ነበር፤ ጠጥታ ሳትጨርስ «ሌላ አምጪ፣ የኔ እናት» ትለኛለች። አባቴ ጥሏት ስለሄደ ሁሉም ሰው «ሐዘን ነው የጨረሳት» አለ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው የማውቀው። አባቴን የጠላሁት በዚያ ነው።

«እህቴ» አለች አክስቴ። «የዚች ልጅ እናት።» ሐኪሟ ጻፈችው። እኔንም አንድ ጊዜ አየችኝና ጻፈች።

ሁለት ጣት ቆረጡላት። አሥራ ስምንት ቀን ተኛች። በተኛች በሳምንቱ ዳይሬክተሯ በጎረቤታቸው ልጅ በኩል አንድ ጆንያ አትክልትና ወፍራም ካልሲ ላኩ፤ ልጅየዋ ግን ድምፅዋ አልተሰማም። ስኳሩ ሲወርድ የአክስቴ ዓይን እየጠራ መጣ። አንድ ጠዋት ስገባ ጣሪያው ላይ ያለውን ሚስማር እየቆጠረች ደረስኩ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የክፍሉ ነርስ የምትበላውንና የማትበላውን፣ ምግብ እንዳትዘል፣ ብዙ እንዳትቆም፣ ለስላሳ ጫማ እንድታደርግ ስትመክራት፣ አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «ልጄ፣ ያልሽው አንድም አልጎደለም፤ የጎደለው ሌላ ነው» አለቻት።

የታዘዘላት ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ እኛ ማቀዝቀዣ የለንም። ጊቢው አፍ ላይ ያለው ባለሱቅ ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዝበት ውስጥ አስቀመጠልን። ጠዋት ስሄድ «ነይ ውሰጂው፤ ከለስላሳ ጋር እያደረ ነው፣ እንዳይባልግ ምከሪው» ይለኛል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን አይቀልድም፤ ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ቀብሮ ይጠብቀኛል።

ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ የዳይሬክተሯ ልጅ ጊቢያችን መጣች። ቧንቧው ጋ ያለውን ጭቃ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች፣ ሰው እየጠየቀች። ወንበር ስለሌለን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መስኮት የሌለውን ግድግዳ አየች፤ በሩ ሲከፈት ከመጸዳጃው ወገን የሚመጣውን ሽታ አሸተተች።

«እዚህ ነው የምትኖሩት?» አለች።

«እዚሁ ነው» አለች አክስቴ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ጠይቃት አታውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የተቀጠረችው ሠራተኛ ዳይሬክተሯን ወግታቸው፣ ምግቡ ሳይደርስ ገበያ ሄደች። ልጅየዋ የረሳችውን ስልክ ልትወስድ ባትመለስ ኖሮ አሮጊቷ ወለሉ ላይ እንደወደቁ ይቀሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአክስቴ በቀር ማንም እንዳይነካቸው ብለዋል።

«ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር» አለች ልጅየዋ።

«እናትዎ ናቸው። እኔም ብሆን እቆጣለሁ።»

«እንድትመለሺ ነው የመጣሁት።»

ቤታችን ውስጥ ያለው በኔ ደመወዝ የተገዛ ዱቄት ብቻ ነው፤ «እሺ በያት፣ እሺ በያት» እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ። አክስቴ እግሯን ዘርግታ፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ቦታ እያየች ተናገረች።

«እመጣለሁ፣ እትዬ። ግን እንደ ድሮው አልችልም። እማማ ሲበሉ እበላለሁ፤ ከሳቸው ማዕድ፣ በሳቸው ሰዓት። መድኃኒቴ ከሳቸው መድኃኒት ጋር ይቀመጣል። የቀጠሮዬ ቀን አልመጣም፤ አልመጣሽም ተብዬም አልባረርም። በእግሬም አልመጣም፤ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ልጅየዋ ጣቶቿን አቆላለፈች። «መድኃኒቱም ቀጠሮውም እሺ። ታክሲውንም እችላለሁ። ምግቡን... በሰዓቱ ብዪ፣ ማድ ቤት ውስጥ። ማዕዱ ላይ እንኳ...»

አክስቴ ፈገግ አለች፤ የምሬት ይሁን የሌላ እንጃ። «እኔን የሚያድነኝ ሰዓቱ ነው፣ እትዬ። ወንበሩ አይደለም።»

ተስማሙ። ልጅየዋ ስትወጣ አክስቴ በሩ ድረስ አልሸኘቻትም፤ እኔ ሸኘኋት።

ሳይውል ሳያድር አክስቴ እኔን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እምቢ ብዬ ነበር፤ እንደ ልጅ እጄን ይዛ ነው የጎተተችኝ። ነርሷ ለካችኝ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ባዶ ሆዴን ለካችኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ «አልያዘሽም። ግን በሩ ላይ ቆሟል» አለችኝ። ጣፋጭ እንድቀንስ፣ በየሦስት ወሩ እንድመጣ ነገረችኝ። «ዋናው ደግሞ፣ ቁጭ ብለሽ አትዋዪ።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በቀን አሥር ሰዓት ቁጭ የምል ነኝ። ነርሷም አክስቴም እኔም ተያየን።

ያን ቀን ጥዬ በመውጣቴ ተቆጣጣሪው ጥግ ያለችውን አሮጌ ማሽን ሰጥቶኛል፤ ክር የምትበጥሰዋን። እዚያች ላይ ሆኜ በየሰዓቱ ተነስቼ እቆም ጀመር፤ ወገቤን እያፍታታሁ፣ እግሬን እያንቀሳቀስኩ። በመጀመሪያው ቀን ተቆጣጣሪው ከወዲያ ማዶ «ምን ልትሆኚ ነው የተነሳሽው?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ስኳር ላለመሆን» አልኩት።

ሳቁብኝ። «ስኳር! አንቺን? እስቲ ስኳር የሚያገኘው ሥጋ ይኑርሽ መጀመሪያ!» አለች አጠገቤ ያለችው። የአክስቴን ነገር ነገርኳት፤ የእናቴንም ነገርኳት። ልጅቷ ሳቋን ቀስ እያለች አቆመች። «የኔም አባት ውሃ ውሃ ሲል ነው የሞተው» አለችኝ፤ ማሽኑን እንደገና ረገጠች፤ ከዚያ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ስነሳ እሷም ተነሳች። ተቆጣጣሪው በሁለት ረድፍ መሃል መጥቶ ቆመ። እኛም ቆመናል።